በኅዳር ሚካኤል የተቀጠፈ በሶብላ

በሶብላ አልወድም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ስለ ጓሮና ስለ አበባ የሚጽፍ ሰው ሁሉ ማር ማር የሚል ወሬ ያወራል ብሎ የሚጠብቅ ካለ ቁርጡን እንዲያውቅ ነው። ጓሮ ማለት ፍግ ነው፣ አባ ጨጓሬ ነው፣ የወገብ ውጋት ነው። አበባው የሚታየው ለአላፊ አግዳሚው ነው፤ ለሚኮተኩተው ሰው የሚታየው አረሙ ነው።

ጓሮው የአማቴ ነበር። አንኮበር ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ፣ ቁልቁለቱን በድንጋይ ካብ ደግፈው በሦስት እርከን የሠሩት ቁራሽ መሬት ነው። ጉም ካልያዘው በስተቀር ከላይኛው እርከን ቆሞ ቁልቁል ያየ ሰው ወደ አሊዩ አምባ የሚወርደውን ጠመዝማዛ መንገድና በገበያ ቀን የሚተመውን ሰውና አህያ ያያል። እኔ ወደዚያ ቤት የገባሁት ልጃቸውን አግብቼ ነው። አባቴ ቄስ ነበርና ፊደል አስቆጥሮኛል፤ በዚያ ዘመን ለሴት ልጅ ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም፣ እናቴም በየሄደችበት ታወራው ነበር። አማቴ ግን በገባሁ በሳምንቱ ወደ ጓሮ አውጥተው ሁለት ቡቃያ አሳዩኝና፣ "በሶብላው የትኛው ነው? አረሙስ?" አሉኝ። በስተግራ ያለውን ነካሁ።

"ወይ ጉድ!" አሉ። "ልጄ አረም አግብቶ መጣ።"

ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ፊደሌን ያነሣ ሰው አልነበረም።

መሬቱ ርስት አልነበረም። የባሌ አባት በሕይወት ሳሉ በንጉሡ ግቢ ወጥ ቤት ያገለግሉ ነበርና ጓሮውም ቤቱም ለአገልግሎታቸው የተሰጠ ነበር። እሳቸው ሲያርፉ አማቴ እንዲቀመጡበት የተፈቀደላቸው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ በየዓመቱ ጾመ ገና በገባ በሳምንቱ፣ ከነአበባው የደረቀ በሶብላ አንድ ትልቅ እንቅብ አጭቀው ለግቢው ቅቤ ቤት እንዲያስገቡ። እንቅቡ ሞልቶ ከገባ ጓሮውና ቤቱ የእሳቸው ነው። ካልገባ ለሌላ አገልጋይ ይሰጣል። ከዚህ በላይ ማብራሪያ አልነበረውም፣ አማቴም ማብራሪያ አይፈልጉም ነበር። የሚጠጉበት ዘመድ አልነበራቸውም፤ የእኔም ወላጆች በሕይወት አልነበሩም። ባሌ ደግሞ ይህ የማወራው ነገር በሆነበት ዓመት ዘምቶ ነበር፤ ይመለስ አይመለስ የሚያውቅ የለም። ከዚያ ጓሮ ከወጣን የምንገባበት ቤት አልነበረንም።

በሶብላው ለምን በጾም እንደሚፈለግ የሚገርመው ሰው ይኖራል። ሰው ይጾማል እንጂ ላም አትጾምም። በጾሙ ወራት በየቤቱ የተጠራቀመው ቅቤ ለገና ወደ ግቢ ይጎርፋል፤ ቅቤ ቤቱ የሚያነጥረው ያን ጊዜ ነው። ቅቤ ያለ በሶብላ ከተነጠረ ደግሞ እንኳን ለጌታ ለጎረቤትም አይቀርብም ይሉ ነበር አማቴ። እኔ እንጃ። እናቴ ቤት በኮሰረት ብቻ ይነጠር ነበር፤ በልተን አልሞትንም።

በሶብላ የቆላ ልጅ ነው፣ ብርድ አይችልም። አንኮበር ላይ በሶብላ ማሳደግ ግመል ዳገት እንደማውጣት ነው። ግመል አሊዩ አምባ ሲደርስ ይቆማል፤ ከዚያ በላይ ጭነቱ በአህያና በበቅሎ ነው የሚወጣው። አማቴ ግን አወጡት። ግንቦት ላይ ዘሩን ከተሰቀለበት ቅል ያወርዱና በአመድ ለውሰው በሰባራ እንስራ ይዘሩታል። ክረምቱን ሙሉ እንስራው ከጣራው ጥግ ሥር፣ ጠብታ በማይደርስበት ይቀመጣል። ፀሐይ ብልጭ ስትል ይወጣል፣ ደመና ሲመጣ ይገባል። የሚያወጣው ማን ነው? እኔ። የሚያስገባውስ? እኔ። ነሐሴ ሲያልቅ ችግኙ ወደ መካከለኛው እርከን ይዛወራል፤ ያውም ከካቡ ግርጌ እንጂ ሌላ ቦታ አይሆንም። "ድንጋዩ ቀን የጠጣውን ፀሐይ ማታ ይመልስለታል" ይላሉ አማቴ። እውነት ነው፤ ጀምበር ከጠለቀች በኋላ እጄን ካቡ ላይ ሳሳርፍ ለብ ይል ነበር።

ከዚያ አበባው ይመጣል። ዘንጉ ላይ ከታች ወደ ላይ እየወጣ የሚያብብ፣ ወይን ጠጅ መልክ ያለው ዘለላ ነው። ጥበቡ ሁሉ ያለው የመቁረጫውን ቀን በማወቅ ላይ ነው። ቶሎ ከተቆረጠ ሣር ሣር ይላል፣ ከዘገየ ገለባ ይሆናል። የታችኛው ፍሬ ይዞ የላይኛው ገና እያበበ ሲገኝ፣ ያኔ ነው። አማቴ ጠዋት ጠዋት አንዱን ዘለላ በሁለት ጣታቸው አሽተው ወደ አፍንጫቸው ያስጠጉና "ገና ነው" ይላሉ። እኔም አሸተዋለሁ። እኔን ገና የሆነውም ያልሆነውም እኩል ያስነጥሰኛል።

ሌላውም እርከን ባዶ አልነበረም። በላይኛው ኮሰረትና ጦስኝ፣ በታችኛው ድንብላል፣ ጥቁር አዝሙድና ጤና አዳም ነበረ። ጥቁር አዝሙድ ሲያብብ ያምራል፣ ይህን አልክድም። የጦስኙን አበባ ሳል ለያዘው ሰው እናፈላለታለን፤ የጤና አዳሙን ፍሬ ከበርበሬ ጋር እንወቅጣለን፣ ቅጠሉን ከአይብ እናደርጋለን። ጤና አዳም ግን ጠባየኛ ነው። በአደፍ ላይ ያለች፣ የወር አበባዋ የመጣ ሴት ከቀረበችው ይደርቃል ይባላል። ስለዚህ አማቴ ወደ ታችኛው እርከን ከመውረዴ በፊት "ደህና ነሽ?" ብለው ይጠይቁኛል። ደህና አይደለሁም ካልኩ ያን ቀን ቤት እውላለሁ። እውነቱን ለመናገር በአንድ ወር ሁለት ሦስት ጊዜ ደህና ያልሆንኩበት ጊዜ አለ። አማቴ አንድ ቀን ትክ ብለው አዩኝና፣ "አንቺ ልጅ፣ ለመሆኑ አንቺ ዘንድ ጨረቃዋ ስንት ናት?" አሉኝ። ከዚያ በኋላ ልክ ገባሁ።

ንጉሡ ወደ እንጦጦ ከተነሡ ወዲህ አንኮበር ሰዉ ሳስቶ ነበር። ግቢው ግን አልተዘጋም፤ ጎተራውና ግምጃ ቤቱ እዚያው ስለነበር አዛዥ ተቀምጦለት ነበር። ብዙ መሬት ባለቤቱ ወደ እንጦጦ እየወጣ ሲለቀቅ፣ የቀረውን ለመያዝ የሚቋምጥ ወታደርም በዝቶ ነበር። ከነዚህ አንዱ ከዘመቻ የተመለሰ ጠመንጃ ያዥ ነው። የሚያድርበት ከእኛ በላይ በሰው ቤት ነበር። ባለፈ ባገደመ ቁጥር በካቡ ላይ አንገቱን ያሰግግና፣ "እንደምን ዋሉ እመት? በሶብላው ዘንድሮ እንዴት ነው?" ይላል። የሚጠይቀው ስለ በሶብላው ደህንነት እንዳልሆነ ዶሮዎቹም ያውቃሉ።

"ደህና ነው፣ እግዜር ይመስገን" ይላሉ አማቴ። "እሱም ስላንተ ሲጠይቀኝ ነበር፤ ዛሬ ዘገየ ብሎ።"

ወታደሩ ይስቃል። አማቴ አይስቁም። እሱ ሲያልፍ ጠብቀው ወደ እኔ ይዞሩና "ምን ትገተሪያለሽ፣ ኮትኩቺ!" ይሉኛል።

ያን ዓመት ክረምቱ አልወጣም አለ። ዝናቡ መስቀልን አልፎ ጥቅምትን አጋመሰና አበባው ዘገየ። በጥቅምት አንድ አጥንት የተባለለት ብርድ ግን አልዘገየም። በሌላ ዓመት ብርዱ ሲከፋ ገለባ እናለብሰው ነበር። ያን ዓመት ግን ገለባችንን የግቢው ሰዎች ለወታደር በቅሎ ቀለብ ብለው ጠርገው ወስደውት ነበር። አማቴ በየጠዋቱ እያሹ "ገና ነው፣ ገና ነው" ሲሉ ኅዳር ገባ። በኅዳር ሚካኤል ዋዜማ እንደገና አሹት፣ ከወትሮው ረዘም አድርገው አሸተቱትና፣ "ሰኞ ይደርሳል" አሉ። በዓሉ ቅዳሜ ነበር፣ ማግስቱ ደግሞ እሑድ። ሰኞ ጤዛው ሲነሣ ማጭድ እናስገባለን ማለት ነው። ማጭዱን በዋዜማው ሳልኩት።

በበዓሉ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ገና ነጠላችንን ሳናወልቅ አማቴ ወደ ጓሮ ወጡና ሰማይ ማየት ያዙ። አንድ ቁራጭ ደመና የለም። ነፋሱ አርፏል፤ ከካቡ ጥግ ያለው የወይራ ቅጠል እንኳ አይነቃነቅም።

"ዛሬ ማታ ውርጭ ይወርዳል" አሉ።

"እንቁረጠዋ!" አልኳቸው።

"በሚካኤል?"

"ማን ያየናል?"

"ሚካኤል ነዋ!"

ከሚካኤል ጋር ምን ብዬ ልከራከር? አማቴ ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር። በሶብላው ከሞተ እንቅቡ ባዶ ነው፣ እንቅቡ ባዶ ከሆነ ቤቱ የለም፤ ይህን ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያውቁታል። ግን ማጭዱን አላነሡም። በደጅ የሚያልፍ እስላም ነጋዴ ጠርተው ቁረጥልኝ አላሉም፤ በበዓል ማሠራት ከመሥራት አይለይም ባይ ናቸው። ደጋግመው ካቡን ይዳብሳሉ፣ ሰማዩን ያያሉ፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። እየጸለዩ መስሎኝ ነበር። ለካስ እያሰቡ ነበር።

በበዓል የማይከለከል አንድ ነገር አለ፤ መብላት። ሰው እንዲበላ ደግሞ ጎመን ይቀጠፋል። ለዕለቱ ድስት የሚበቃውን በእጅ መቅጠፍ ሥራ ነው ያለ ቄስ የለም። አባቴም ቄስ ሆኖ እናቴ በበዓል ጎመን ስትቀጥፍ አንድ ቀን አልተናገራትም፣ ጎመኑንም በልቷል። አማቴ ድንገት ዞር አሉና፣ "ሂጂ፣ የሰፈሩን ሴት ሁሉ ጥሪልኝ" አሉኝ። "ማጭድ እንዳይዙ። እንቅብም አይሆንም፤ የነጠላቸው ጫፍ ይበቃቸዋል።"

በየደጁ ዞርኩ። ሴቶቹ የበዓል ልብሳቸውን እንደ ለበሱ መጡ፣ ጓሮው ሞላ። አማቴ ከካቡ ላይ ቆመው፣ "ለዛሬ ወጣችሁ በሶብላ ቅጠፉ። አትሳሱ፤ ዘንድሮ ውርጭ ከሚበላው እናንተ ብሉት። ከድስታችሁ የተረፋችሁን ሰኞ ታመጡልኛላችሁ" አሏቸው። ሁሉም ሰማ። እኔም ሰማሁ። ሴቶቹ መረቁ፣ "ሚካኤል ይጠብቅዎ እትዬ፣ ጓሮዎ አይንጠፍ" አሉ፤ ከዚያ ነጠላቸውን አሸርጠው ወረዱበት። ሳቅና ጫጫታ ሆነ። በሶብላ እስከ ዛሬ ከአማቴ እጅ በቁንጥር ነበር የሚያገኙት፤ አሁን በእቅፍ ሆነ። እኛ ሁለታችን የቀጠፍነው ለአንድ ትንሽ ድስት የሚሆን እፍኝ ነው። እኔ ልጨምር ስል አማቴ እጄን ያዙ። "ለሁለት ሴት ይሄ ይበቃል። ስንቆጥብ ሚካኤል ይየን" አሉ።

ወታደሩ በካቡ ላይ አንገቱን አሰገገ። "ምን ተገኘ እመት?"

"በዓል ነው፣ ግባና ቅጠፍ!"

አልገባም። ጀምበር ሳትጠልቅ መካከለኛው እርከን ዘንግ ብቻ ቀረ።

እሑድ ጠዋት ስንወጣ መሬቱ ነጭ ነበር። በካቡ ግርጌ የቀረው ዘንግ እሳት እንደ ነካው ጠቁሯል። አንድ ቅጠል እንኳ በሕይወት አልነበረም። አማቴ አጎንብሰው አንዱን ሰበሩና ወደ እኔ ዘረጉት። "አየሽ?" አሉ። እንደዚያ ደስ ብሏቸው አይቼ አላውቅም ነበር። ቀኑን ሙሉ ፀጉሬን ሠርተውልኝ ዋሉ፤ ስለ ባሌ ልጅነት አወሩኝ፤ ሰኞ በሶብላው ሲመጣ የት የት እንደምንሰቅለው ተመካከርን። እኔንም ገረመኝ፤ ለመናገር አላፍርም፣ ወደድኳቸው።

ሰኞ በማለዳ ገመዱን ዘረጋን፤ እስከ ረፋዱ ግን የመጣ ሰው አልነበረም። ቤታቸው ሥራ ይዟቸው ይሆናል አልን። ፀሐይዋ ስትገፋ አማቴ፣ "እስቲ ዞር ዞር በይ" ብለው እንቅብ ሰጡኝ።

የመጀመሪያዋ ቤት ያለችው ሴት የቅርብ ጎረቤታችን ናት። "ሙሽሪት፣ ግቢ" አለችኝ፤ ባል ካገባሁ ስንት ጊዜዬ፣ አሁንም ሙሽሪት ነኝ። የመጣሁበትን ነገርኳት።

"ምን ይተርፋል እህቴ? ሁሉንም ከተትኩት እኮ።"

"ያን ሁሉ? በአንድ ድስት?"

"ታዲያ ምን ላድርግ? በሚካኤል ቀን ለወጥ ብዬ ቀጥፌ፣ ወስጄ ማድጋ ውስጥ ብደብቀው መከር ሰበሰብኩ ማለት አይደል? ሚካኤል ይታዘበኛል!"

ሁለተኛዋ ቤት ሄድኩ። እሷም ከታዋለች። ሦስተኛዋ ድስቷን አወጣችና አሳየችኝ፤ የዶሮ ወጥ ነው አለችኝ፣ እኔ ያየሁት ግን ረግረግ ነው። ልጆቹ አንበላም ብለው አልቅሰዋል፣ ለውሻ ሰጥታው ውሻው አሽትቶ ሸሽቷል። "የሚካኤል ነው፣ አይጣልም" ብላ እሷና ባሏ ሁለት ቀን ሲበሉት ነበር። ምላሷ ደንዝዞ እየተኮላተፈች ነው የምታወራኝ። ለካስ ቅዳሜ ማታ የሚካኤል ማኅበርተኞች ተሰብስበው ነበር። አማቴ የማርያም ማኅበር ናቸውና አልነበሩበትም። እዚያ ጠላ እየጠጡ ነገሩ ተነሥቶ አንዲት ባልቴት፣ "ከዕለቱ ድስት ያተረፈች በበዓል አጭዳለች" ብለው ፈረዱ። ማን ይከራከር? ሁሉም ቤቷ ሄዳ የቀጠፈችውን እስከ መጨረሻዋ ቅንጣት በድስት ከተተች። አንኮበር ያን ማታ ምን ምን ይሸት እንደነበር አሁን ገባኝ።

እግዚአብሔርን ፈርተው ነው ብዬ አምናለሁ። ግማሹን አምናለሁ። ሌላው ግማሽ በነጻ የተገኘ ቅመም ሲመለስ ቅር የሚለው የሰው ልብ ነው፤ በበዓል ስም ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ይጣፍጣል። ተናድጄ ነበር። እንቅቤን ባዶውን ይዤ ተመለስኩ።

"አንድም የለ?" አሉ አማቴ።

"አንድም።"

የተዘረጋውን ገመድ አዩ። "ፈሪሃ እግዚአብሔር ያላቸው ሴቶች ናቸው" አሉ። ምርቃት ይሁን እርግማን ከፊታቸው መለየት አልቻልኩም።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን አሊዩ አምባ ወረድኩ። ቆላው በሶብላውን ከሰበሰበ ቆይቷል፤ የቀረው ፍሬው የረገፈ፣ እንደ መጥረጊያ የደረቀ ነበር። የምትሸጠው ሴት እስላም ናት፤ የመጣሁበትን ስነግራት፣ "አላህ ይዘንላችሁ፣ ወደ እኔ ብትልኩ መጥቼ በጠራራ ፀሐይ አጭድላችሁ ነበር" አለችኝ። ያላትን ሁሉ ገዝቼ ተሸክሜ ዳገቱን ወጣሁ። አማቴ አንዱን በጣታቸው አሽተው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ። እንቅቡን ሞልተን ቀኑ ሲደርስ ወደ ግቢ ወሰድነው። የቅቤ ቤቱ አለቃ እጇን ከተተች፣ አሸችው፣ አሸተተችውና እጇን በቀሚሷ ጠረገች። "ይሄ ገለባ ነው" አለች።

ነገሩ አዛዡ ዘንድ ደረሰ። አዛዡ ጎልማሳ፣ ደግ የሚባሉ ሰው ነበሩ። የጓሮው በሶብላ የት ሄደ ቢሉ አማቴ እንደሆነው ተናገሩ። አዛዡ ምስክር ይጠራ አሉና ሴቶቹ በአደባባዩ ተሰለፉ። ወታደሩም ከጥግ ቆሟል፤ የነፍስ አባታችንም ለሌላ ጉዳይ መጥተው እዚያው ነበሩ።

"አንቺስ?" ይላሉ አዛዡ።

"በላሁት ጌታዬ።"

"አንቺስ?"

"በላሁት።"

"ይሄን ሁሉ?"

"ምን ላድርግ ጌታዬ፣ በዓል ነበር።"

አዛዡ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። አደባባዩም አብሮ ሳቀ። እኔና አማቴ ብቻ አልሳቅንም። ሳቁ ሲበርድ አዛዡ ወደ አማቴ ዘንበል ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "እመት፣ ይስሙኝ። አስቀምጡልኝ ብዬ በአደራ ሰጠኋቸው ይበሉ። ያን ጊዜ የበሉት የግቢውን አደራ ነው፤ አስከፍላቸዋለሁ፣ መሬቱም ከእርስዎ አይወጣም።"

ሴቶቹም ሰሙ። የቅርብ ጎረቤታችን ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። እኔ አማቴን በክርኔ ጎሰም አደረግኳቸው። በሉ እንጂ! ምን ይቸግራል? አንድ ቃል ነው! ደግሞስ በልባቸው አደራ አልነበረም እንዴ?

"ለወጣችሁ ቅጠፉ ነው ያልኳቸው" አሉ አማቴ። "የተረፈውን አምጡ አልኩ፣ አልተረፈም። አደራ አላልኩም። በበዓል ምን ብዬ አደራ እላለሁ?"

አዛዡ ቀና አሉ። ቢያንስ ያዘኑ ይመስላሉ። "እንግዲህ እንቅቡ ባዶ ነው" አሉ። መሬቱ ለጠመንጃ ያዡ ተሰጠ። እሱም ለነገሩ ሲወጣ አማቴን ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ፤ እስከ ጾሙ አጋማሽ ቤቱን እንድንለቅለት ቀን ሰጠን።

ቤቱን ልንለቅ በዋዜማው የነፍስ አባታችን መጡ። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ ልውጣ ብል አማቴ "ተይ፣ ሥራሽን ሥሪ" አሉኝ። ቅሎቹን በጨርቅ እያሰርኩ ጀርባዬን ሰጥቼ ተቀመጥኩ። አማቴ ከአባ ፊት ተንበረከኩ። ለአዛዡ ያልተናገሩትን ለእሳቸው ተናገሩ። ሴቶቹን ሲጠሩ በልባቸው መከር እንደነበረ፣ ወጥ ያሉት ለአፍ ብቻ እንደሆነ፣ ሚካኤልን ሊያታልሉ እንደሞከሩ። አንድ ነገር ሳያስቀሩ ተናገሩ።

አባ እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ ትልቅ በደል እንደሆነ ነገሯቸው፤ ጸሎትና ስግደት ሰጧቸው፤ ጾሙንም በውኃና በቆሎ እንዲፈጽሙት አዘዙ።

"እሺ አባቴ" አሉ አማቴ። ከተንበረከኩበት ግን አልተነሡም። "የበሉትስ?"

"እነሱ ምን በደሉ?" አሉ አባ። "እነሱማ በዓሉን አክብረዋል።"

እጄ ላይ የነበረውን ቅል ወርውሬ ብሰብረው ደስ ባለኝ ነበር። ዞር ብዬ አማቴን አየሁ፤ አሁን ይናገራሉ፣ አሁን አንድ ነገር ይሏቸዋል ብዬ። የሚሉት ያውቃሉ፤ ወታደርን በአንድ ቃል የሚመልሱ ሴት ናቸው።

"እውነት ነው" አሉ።

ነጠላቸውን አደገደጉና ወደ ምሥራቅ ዞረው መስገድ ጀመሩ። ጠዋት ጠርጌው ነበርና ወለሉ ንጹሕ ነበር። እስከ ነገ ድረስ የእሳቸው ነው።